የቀይ ክዳኑ ዶክተር

«ዶክተር ዐረፉ» አለችኝ እማዬ፣ ገና ከቦዳቦዳው፣ ከኪራይ ሞተሩ፣ ሳልወርድ።

«ደምሴ? ሞተ?»

«ዐረፉ በይ። አስከሬናቸው እንኳ ከቤት አልወጣም።»

እናቴ እንዲህ ናት። ሰውየው የላማችንን የቡሬን ጥጃ እሆዷ ውስጥ ገድሎብናል፤ እሷ ግን «ዐረፉ» ካልተባለ ምግብ አይወርድላትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሰፈራችን ከቡቲዬ እስከ ከተማ በእግሯ ልትሄድ ተዘጋጅታለች። የቦዳቦዳው ነጂ እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ «ዳክታሪ የከብቱ?» ብሎ ጠየቀና በስዋሂሊ «ፖሌ»፣ አይዟችሁ፣ አለን። በሁለቱም ሞያሌ፣ ከወዲህ በኛው በኬንያውም ከወዲያ በኢትዮጵያውም፣ ለዶክተር ደምሴ ያላዘንኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ስለማላውቀው አይደለም። ፎርም ፎር፣ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻውን ክፍል፣ ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም የማያስገባ ሆኖ ቤት ስቀመጥ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሠራሁት እሱ ሱቅ ነው። ፊት ለፊት አንቱ፣ ለሰው ሳወራ እሳቸው እለው ነበር። በሆዴ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እሱ ነው። ይሄን የምጽፈው ከሆዴ ስለሆነ እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እማዬ እንደሆነች አታነበውም።

ዶክተር አልነበረም። ምስጢር እንዳይመስላችሁ፣ ከተማው በሙሉ ያውቃል። በወጣትነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከብት ለሚከትቡ ሐኪሞች ላንድክሩዘር ይነዳ ነበር። እነሱ ሲወጉ የበረዶ ሳጥኑን ይዞ ይቆማል፣ መርፌ ያቀብላል፣ ያያል። ከዚያ አገሩ ሲታመስ በስደት ወደዚህ ተሻገረ፤ ቆየት ብሎ ከገበያው አጠገብ የከብት መድኃኒት ሱቅ ከፈተና በሩ ላይ ላም አሣለ። ሠዓሊው ላሟን ሲጨርስ ቦታ ስለተረፈው «ዶክተር ደምሴ» ብሎ ጻፈበት። ዶክተርነቱን ያገኘው ከቀለም ቀቢ ነው። ሰውስ ምን አለ? «ዶክተር መጣልን» አለ። እዚህ አገር ነጭ ጋዋን ለብሶ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ሰው የት ተማርክ አይባልም። እኔን ግን ሻይ ቤት ልቀጠር ስሄድ እንኳ ሰርተፍኬት አምጪ ብለውኛል።

መልኩን ላሳያችሁ። ፊቱ ክብ ነው፤ ጉንጩ ከመሙላቱ የተነሣ ዓይኑ ጠቧል። ሆዱ ጋዋኑን ገፍቶ ወጥቷል። እጁና እግሩ ግን የሌላ ሰው ይመስላሉ፣ ሰንበሌጥ። ሰዎች ሲያዩት «ዶክተር ተመችቷቸዋል» ይላሉ። እኔ ደግሞ በልጅነታችን ከጭቃ የምንሠራው ሰው ትዝ ይለኝ ነበር፤ ጭቃውን ራሱና ሆዱ ላይ ጨርሰን እግሩን በስንጥር የምናደርግለት።

አነጋገሩ የሾፌር ነው። ላም ተቅማጥ ሲይዛት «ዘይት እየጣለች ነው» ይላል። ፍየል ስታስል «ካርቡሬተሯ ቆሽሿል»። አንድ ጊዜ ኦቦ የሚባል መንደር ድረስ በሞተር ሄደን፣ ሁለት ቀን ያማጠች ላም ፊት ቆመና ለባለቤቱ «ሪቨርስ ገብቶ ነው» ብሎ ክንዱን እስከ ብብቱ ሰደደ፣ ጥጃውን በኋላ እግሩ ጎትቶ በሕይወት አወጣው። ይሄን አልክድበትም። ያ ቀጭን እጅ ለዚያ ሥራ ተፈጥሯል። ግን ወዲያው ደሙን ሳይታጠብ ለተሰበሰበው ሰው ስለ ፍሬን ሲሰብክ ቆየ። ስብከቱን የሚዘጋው ሁሌም በአንድ ቃል ነው፤ «ሳይንሱ እሱ ነው» ይልና መርፌውን በጥፍሩ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ያቺ ጠቅታ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለች።

በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ፎርም ፎር» ነበር የሚለኝ። «ፎርም ፎር፣ ጓንት አምጪ።» «ፎርም ፎር፣ መጥረጊያውን ያዥ፣ እንግሊዝኛሽን ለማታ አስቀምጪው።» ደንበኛ ፊት ሲሆን ይብስበታል። ደንበኞቹ ይስቃሉ፣ እኔ እጠርጋለሁ።

ብዙም ሳልቆይ እንግሊዝኛ ማንበብ እንደማይችል ገባኝ። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ ጋዋኑን ይደባብስና «መነፅሬን እቤት ረስቼው፣ ምን ይላል እስቲ?» ይለኛል። መነፅሩ ከእስክሪብቶዎቹ ጋር ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ስሙን አነብለታለሁ። ከዚያ ወዲያ አይጠይቀኝም፤ መድኃኒቱን በክዳኑ ቀለም ይይዘዋል። ከየካርቶኑ ውስጥ የሚወጣውን የታጠፈ ወረቀት ግን «ጣይው» ይላል። «ወረቀት ላም አላከመም።»

እኔ አልጥለውም ነበር። የትል ክኒን በፍሬ ስንሸጥ እጠቀልልበታለሁ። ከመጠቅለሌ በፊት ደግሞ አነበዋለሁ፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ የሚነበብ ነገር የለማ። አንዳንዱን ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሣ በቃሌ ይዤዋለሁ። ያነበብኩትን ለማንም አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ከክዳኖቹ ሁሉ የሚወደው ቀዩን ነበር። ቀይ ክዳን ማለት ዴክሳ ነው፤ እብጠት የሚያፈርስ፣ ሕመም የሚያስረሳ መርፌ። ለአንዳንዷ ላም እውነትም ደግ ነው። ወልዳ፣ ወተቷ በርትቶ፣ ሰውነቷ ስኳር አልቆበት መብላት ያቆመች ላም ሲወጓት በማግስቱ ተነሥታ ትበላለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ግን ለሁሉም ነው የሚሰጠው። ላነከሰች፣ ላሳላት፣ ለከሳች፣ ምንም ላልሆነች። በተለይ ገበያ ሊወጣ ሁለት ቀን የቀረው በሬ ሱቃችን በር ላይ ከቆመ ቀይ ክዳን ሳይወጋ አይመለስም። የሞተ የመሰለው በሬ ቀና ይላል፣ ዓይኑ ይበራል፣ የሰጡትን ይበላል። ገዢ ይመጣል፣ ጥርሱን ያያል፣ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሚሆነው ገዢው ቤት ነው፤ እኛ አናይም።

እሱ ራሱ ስኳር በሽታ ነበረበት። ጠብታ ደም ሲያስነኳት ቁጥር የምታወጣ ትንሽ መሣሪያ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ይይዛል። አንድ ቀን ጃተኒ የሚባል የኦዳ ከብት ነጋዴ በሬውን በር ላይ አስሮ ሲጠብቅ፣ ዶክተር የራሱን ጣት ለክቶ ጨረሰና በሬውን አየት፣ መሣሪያዋን አየት አደረገ።

«ፎርም ፎር፣ ጆሮውን ያዥ።»

ያዝኩ። መውጊያዋን በጋዋኑ ጠረግ አድርጎ የበሬውን ጆሮ ወጋ።

«ሦስት ከምናምን» አለ። ከዚያ ቀይ ክዳኑን ወጋው። «ነገ በዚችው ሰዓት መልሰው።»

በማግስቱ መሣሪያዋ ስምንት አለች።

«ስምንት ምን?» አለ ጃተኒ።

«ስኳር። ስኳሩ ገብቶለታል።»

«መግባቱ ደግ ነው?»

«ስኳር ገባ ሲባል ሰው አዝኖ ያውቃል፣ ጃተኒ?»

ሌላ ከተማ ቢሆን ይሄ ነገር አይሠራም ነበር። ሞያሌ ግን የሚኖረው በስኳር ነው። ድንበሩ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፤ ሲከፈት «ስኳር ገባ» ተብሎ በየቤቱ ይወራል፣ ሴቶች ዕቃ ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ የበሬ ደም ውስጥ ስኳር ገባ ሲባል በሽታ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጃተኒ ፊቱ በራ።

«እርስዎስ ስንት ነዎት፣ ዶክተር?»

«እኔ አሥራ አራት ነኝ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። የጤነኛ ሰው ከሰባት ብዙም አያልፍም።

ወር ሳይሞላ ገበያው ውስጥ ገዢዎች የበሬውን ጥርስ ካዩ በኋላ «ስኳሩ ስንት ነው?» ማለት ጀመሩ። እውነቴን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ፣ የአንዲትን ላም እናት አያት ቅድመ አያት በቀለሟ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች፣ አንድ ሾፌር ከኪሱ የሚያወጣትን ቁጥር ቆመው ይጠብቃሉ።

ጃተኒ ከሳምንታት በኋላ በሬውን እየጎተተ መጣ። ስኳሩ ይጨምርለት ብሎ ሳይሸጠው በየሦስት ቀኑ ሲያስወጋው ነበር።

«ዶክተር፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸናል። ሥጋው ግን እየሄደ ነው። ጭኑን እዩትማ።»

ዶክተር ለካው። «ዘጠኝ። እንዲያውም ጨምሯል።»

«ታዲያ ምን አከሳው?»

«ነዳጁ ሞልቷል፣ ሞተሩ ነው ያልሞቀው። ሳይንሱ እሱ ነው።» ጠቅ ጠቅ አድርጎ ደግሞ ወጋው።

ቀይ ክዳን የበዛበት ቁስል አይሽርም፤ ያ በሬ ከሽቦ ያገኛት ጭረት አልድን ብላ፣ መግል ይዛ፣ በዚያው ሞተ። ጃተኒስ ምን አደረገ? ሌላ በሬ ይዞ መጣ። የምንቀው ዶክተሩን ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ስለ ጉንጩም ልንገራችሁ። ያ ጉንጭ የምቾት አልነበረም። ዴክሳ ለሰው የሚሆን ክኒን አለው። ለጉልበቱ ሕመም ብሎ ጀመረው አሉ፤ ፊቱ ሲሞላ፣ ሰው ሲያከብረው ጊዜ ግን ጉልበቱን ረስቶ ለጉንጩ ቀጠለበት። በየጠዋቱ ከሻይ ጋር ሁለት ፍሬ ይውጣል። አንድ ቀን ለኔም ዘረጋልኝ።

«ውሰጂ ፎርም ፎር። እንዲህ ሰንበሌጥ ሆነሽ ማን ያገባሻል?»

«ሳላገባ ብቀር ይሻለኛል፣ እንደርስዎ ጉንጭ ከማበቅል።»

ሳቀ። ስድብ አይገባውም ነበር፤ ወይም ይገባውና ያሳልፈዋል። የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

አሁን ወደ ቡሬ ልምጣ። ቡሬ የእማዬ ብቸኛ ላም ናት፤ ቤታችን የሚተዳደረው በወተቷ ነው። ያኔ ስምንተኛ ወሯን ይዛ፣ ነጥፋ፣ መውለዷን እየጠበቅን ነበር። እማዬ ቃል ገብታልኛለች፤ «ሴት ከወለደች ያንቺ ናት። አሳድገሻት፣ ሸጠሻት፣ ወደምትሄጂበት ትሄጃለሽ።» የምሄድበት ኢሲዮሎ ነው፣ ኮሌጅ። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አልችልም፤ እማዬም ይሄን ታውቃለች። ስለዚህ በየጠዋቱ ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው የቡሬን ሆድ ነበር። መንገዴ እዚያ ውስጥ ነው።

አንድ ጠዋት ቡሬ የፊት እግሯ አብጦ አነከሰች። እማዬ ለኔ ሳትነግረኝ ደወለችለት። እኔ ሱቅ ውስጥ ስጠርግ ስልኩን ዘጋና «ቦርሳውን አንሺ፣ እናንተ ቤት ነን» አለኝ።

እማዬ በሁለት እጇ ጨበጠችው፣ ጎንበስ ብላ። ለአባቴ እንኳ እንደዚያ ስትሆን አላየሁም። ቡሬን አንዴ ዞራት፣ እግሯን ዳበሰ፣ ቦርሳውን ከፈተ። ቀይ ክዳን አወጣ።

«ዶክተር፣ ከብዳለች እኮ» አልኩ።

«ዓይን አለኝ፣ ፎርም ፎር።»

«አንቺ ደግሞ ከሳቸው ልታውቂ ነው?» አለች እማዬ።

መርፌዋን ጠቅ ጠቅ አደረጋት።

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር፣ አልዋሽም። ወረቀቱ ትዝ ብሎኛል። ከቀይ ክዳኑ ካርቶን የሚወጣው ወረቀት፣ ሁለተኛው ገጽ፣ በደማቁ የተጻፈው መስመር፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ላለች እርጉዝ ላም አይሰጥ፣ ሊያስጨነግፋት ይችላል የሚለው። በቃሌ አውቀዋለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያልተናገርኩበት ምክንያት ግማሹ ጥርጣሬ ነው፤ የከበዱ ላሞች ሲወጋ አይቻለሁ፣ ከዚያ ምን እንደሆኑ ግን ተከትዬ አላየሁም፣ ምንም አይሆኑም አልኩ። ግማሹ ሌላ ነው። ያቺን መስመር አስቀምጫት ነበር። አንድ ቀን፣ ሱቁ በሰው ሞልቶ፣ ፎርም ፎር ብሎ ሲያስቅብኝ፣ አውጥቼ ፊቱ ላይ ላነባት። ግቢያችን ውስጥ ከእማዬ በቀር ሰው አልነበረም። አላወጣኋትም።

ሦስት ቀን ተከታትሎ ወጋት። እብጠቱ ጠፋ፣ ቡሬ ቀጥ ብላ ሄደች፣ እማዬ መረቀችው። በአምስተኛው ቀን ጠዋት በረት ስገባ ቡሬ ጥግ ላይ ቆማ መሬቱን ታሸታለች። ጥጃዋ እዚያ ነበረች። ፀጉሯ ገና አጭር፣ ዓይኗ የተጨፈነ። ሴት ነበረች። እንደ እናቷ ጥቁርና ነጭ።

እማዬ አላለቀሰችም። በነጠላዋ ሸፈነቻትና «ዶክተርን ጥሪያቸው» አለችኝ። አሁንም ዶክተርን።

መጣ። መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? መሣሪያዋን አውጥቶ የቡሬን ጆሮ ወጋ።

«ስምንት» አለ ቀስ ብሎ። ደረቱን አልነፋም።

«ስምንትማ ከሆነ ገብቶላታል ማለት አይደለም?» አለች እማዬ። «ሰዉ እንደዚያ ነው የሚለው። ትበላለችም። ታዲያ ምነው ጎኗ ገባ?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አልገባም፣ እትዬ» አለ። «እኔም በቅርቡ ነው የሰማሁት፣ ለራሴ ሕክምና ስሄድ ነርሷ ነገረችኝ። እስቲ ድንበሩን ያስቡት። ስኳር የጫነ ሎሪ በር ላይ ተሰልፏል። ኢንሱሊን የሚባል ትራንዚተር አለ፤ ወረቀቱን ያሳያል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሎሪው ይገባል፣ ያራግፋል። ይሄ ቀይ ክዳን በረኛውን ያደነቁረዋል። ትራንዚተሩ ይጮሃል፣ በረኛው አይሰማም። ሌላ ትራንዚተር ይጨመራል፣ እሱንም አይሰማም። ጉበት ደግሞ ከወዲያ ሎሪ መላኩን አላቆመም። እኛ መንገዱን እያየን ሎሪው ብዙ ነው፣ ስኳር ገባ እንላለን። ከተማው ውስጥ ሱቁ ሁሉ ባዶ ነው።»

ይሄን ሲል በአንድ እጁ የሌላውን ክንድ ያሻል። የራሱን፣ ያንን ሰንበሌጡን።

የባዮሎጂ መምህሬ በአራት ዓመት እንደዚህ አድርጎ አላስረዳኝም። የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ደደብ ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። ገብቶታል። ገብቶትም በዚያው ሳምንት የጃተኒን ሁለተኛ በሬ ወግቷል።

«ጥጃዋስ?» አለች እማዬ።

«ጥጃዋማ… ጅብ ጮኾ ላሟ ደንግጣ ይሆናል።»

«ጅብ አልጮኸም» አልኩ። «ወረቀቱ ላይ አለ።»

«የቱ ወረቀት?»

ቦርሳው ውስጥ የትል ክኒን የጠቀለልኩበት ነበር። ክኒኑን መሬት ላይ አፈሰስኩና ወረቀቱን ዘረጋሁት። ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ልክ እንዳሰብኩት። ከዚያ ቃል በቃል በአማርኛ ነገርኳቸው። ለዚያች ደቂቃ ስንት ወር ጠብቄያለሁ። ፊቱ ሲለወጥ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

«መነፅሬን…» አለ።

«ኪስዎ ውስጥ ነው።»

እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም። ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ገለበጠው፣ አዘቀዘቀው፣ መለሰልኝ።

«መቼ ነው ይሄን ያነበብሽው?»

«ድሮ። ሱቅ የገባሁ ሰሞን።»

እማዬ ከጥጃዋ ላይ ቀና አለች።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለ ዶክተር ደምሴ። «አንቺስ፣ ጫልቱ?»

ስሜን ሲጠራው ያ የመጀመሪያው ነበር። የሚያውቀውም አይመስለኝም ነበር። በቁጣ ቢለው እመልስለት ነበር፤ ምላሴ ለቁጣ ዝግጁ ናት። እሱ ግን የጠየቀኝ መልሱን ፈልጎ ነው። ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። ቦርሳውን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። እማዬ አካፋ አመጣች፤ ልቆፍርልሽ ብል አልሰጠችኝም። ብቻዋን ቀበረቻት። ስለ ወረቀቱ አንድ ቃል አላወጣችም፣ እስከ ዛሬ።

በማግስቱ ያባርረኛል ብዬ ሱቅ ሄድኩ። ካርቶን ቀዶ እስክሪብቶ ሰጠኝ። «ጻፊ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በስዋሂሊም።» ጻፍኩ፦ ለከበደች ላም አይሰጥም። ማንበብ ለማይችል ደግሞ እሱ ከሥር ሆዷ የተነፋ ላም ሣለና በመስቀል ሰረዛት። ላሟ ሎሪ ነበር የምትመስለው። ቀይ ክዳኖቹ ያሉበት መደርደሪያ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ወዲህ እርጉዝ ላም ሲወጋ አላየሁም። ሰው ተለወጠ ብላችሁ ልታለቅሱ ከሆነ ግን ተዉት፤ የገበያ በሬ መውጋቱን አንድ ቀን አላቆመም። «በሬ አያረግዝም» ይላል።

እኔም አንድ ነገር ተምሬ ስለነበር፣ አንድ ጠዋት ክኒኑን ሊውጥ ሲል ሳይጠይቀኝ የክኒኑን ወረቀት አወጣሁና አነበብኩለት። ምንም አልዘለልኩም። ስኳር ያለበትን ሰው ምን እንደሚያደርገው፣ ጉንጭ እንደሚነፋ፣ የክንድና የጭን ሥጋ እንደሚጨርስ፣ በራስ ፈቃድ በአንዴ እንደማይቆም፣ ሐኪም ቀስ በቀስ እንደሚያስተወው።

«የኔን በረኛ ነው የሚለው» አለ።

«አዎ፣ የርስዎን። ሐኪም ጋ ይሂዱ። እውነተኛ ሐኪም።»

«ካስተዉኝ ጉንጬ ይወርዳል?»

«ይወርዳል።»

«ጉንጭ የሌለው ዶክተር ማን ያምናል፣ ጫልቱ?»

ሁለቱን ፍሬ በሻይ ዋጠ። ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር፤ ያማሰልኩለት እኔ ነኝ። በወሩ ሥራውን ተውኩ። አሁን መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ኢሲዮሎም አልሄድኩም።

ለቅሶው ላይ እማዬን ተከትዬ ሄድኩ። ፎቶውን ትልቅ አድርገው ሰቅለውታል፤ ያንን ጉንጭ። ሴቶቹ «ምን የመሰለ ፊት» እያሉ ያለቅሳሉ። ጃተኒ ከአጠገቤ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል።

«በምን ዐረፉ?» አለኝ ዝቅ ብሎ።

«በስኳር።»

ትንሽ አሰበ። «ስንት ደርሶላቸው ነበር?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሰዉ ዞሮ አየኝ፤ እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፣ እስካሁን እንደጠቆረ ነው።

ሱቁን የወንድሙ ልጅ ወርሶታል፤ ሠላሳን ያለፈ፣ ከናይሮቢ የመጣ፣ ስልክ ሲጠግን የኖረ ሰው። ጋዋኑንም ወርሷል። እስክሪብቶዎቹንም። ከለቅሶው ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ ሰው «ዶክተር» እያለው ነው።

ባለፈው ሳምንት ቡሬ አነከሰች። እንደገና ከብዳለች፤ አሁንም ስምንተኛ ወሯ ነው። እማዬ፣ ያው እማዬ ናት፣ ደወለች። መጣ። በሁለት እጇ ጨበጠችው፣ ጎንበስ ብላ። ቡሬን አንዴ ዞራት፤ እግሯን እንኳ ሳይዳብስ እጁ ወደ ቦርሳው ሄደ።

«ቀይ ክዳኑን ከሆነ አታውጣው» አልኩት። «ስምንት ወሯ ነው፣ ያስጨነግፋታል። ሱቅህ መደርደሪያ ላይ ተለጥፏል።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንቺ ዶክተር ነሽ?»

«አይደለሁም። አንተም አይደለህም። እኔ ግን ማንበብ እችላለሁ።»

ከተናገርኩ በኋላ እማዬን አየኋት፤ እንግዳ ፊት፣ ዶክተር ፊት፣ አንተ ብዬዋለሁ። ቡሬን ግንባሯ ላይ እያሻሸች ቆማለች። ወደኔ አልዞረችም።

«የምትልዎትን ይስሟት፣ ዶክተር» አለችው።